የመጀመሪያው ጠረጴዛ እህታችን

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን

ይህን ደብተር የገዛልኝ ባለቤቴ ነው። «ሐሳብሽን ሁሉ እኔ ላይ ከምታፈሺው ግማሹን ወረቀት ይሸከምልሽ» አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀልዱ በዝቷል። እሺ፣ ይሸከም።

ከሥራ ልጀምር። ላውንደሪያችን ሁለት ማጠቢያ፣ አንድ ማድረቂያ፣ አራት የካውያ ጠረጴዛና አሥራ አንድ ሠራተኛ አለው። ከዛሬ ጀምሮ የትልቁ ሆቴል አንሶላ ሁሉ የኛ ነው። ለጊዜው ሙከራ ነው ብለውኛል፤ ክረምቱን በደንብ ካለፍን ሥራው ቋሚ ይሆናል። በዚህ ዝናብ ውጭ ማስጣት የማይታሰብ ስለሆነ ተስፋችን ማድረቂያው ብቻ ነው። ደግሞም ጄኔራሏ አለችልኝ።

ጄኔራል የምንላት ዋናዋን ተኳሻችንን ነው። ቀልደኛው የማሽን ሠራተኛ «ካውያም ይሁን ጠመንጃ፣ ተኳሽ ተኳሽ ነው» ብሎ ሾማት። ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ቆማ አብራኝ ሠርታለች። እሷ የተኮሰችው አንሶላ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያዳልጣታል።

ጠዋት አንድ ተኩል ላይ እንደ ወትሮው ቆመን ጸለይን። ለመኩራራት አይደለም የምጽፈው፤ ግን በዚህ ሰፈር ካሉት ላውንደሪዎች ሠራተኞቹን ሰብስቦ ቀኑን በጸሎት የሚጀምር ማን አለ? እኔ ሠራተኛ አልቆጣም፣ አልሳደብም። የምለው ካለኝ ለፈጣሪ ነው የምለው። ዛሬ «ጌታ ሆይ፣ ጠዋት ጠዋት አልጋ የሚከብዳቸውን ልጆችህን ቀስቅሳቸው» አልኩ። ዘግይተው የገቡት ሁለቱ፣ የማሽን ሠራተኛውና አንዷ አጣቢ፣ የባሰ አንገታቸውን ደፉ። ነገ በሰዓታቸው ይመጣሉ። ተመስገን።

ማክሰኞ

በሰዓታቸው መጡ! ሁለቱም!

የማድረቂያው ቺንጋ እየጮኸ ነው። የማሽን ሠራተኛው «አርጅቷል፤ ሳይበጠስ እንቀይረው» አለኝ። ሳምንቱ ይለፍ አልኩት።

ሐሙስ

የተተኮሰውን የምታጥፈው ልጅ፣ አጣፊዋ፣ ስልኳን ቤቷ ትታ መጣች። ትናንት «እጃችን አንሶላ ላይ ሳለ ዓይናችን ስልክ ላይ እንዳይንከራተት እርዳን» ብዬ ነበር። «እርዳን» ነው ያልኩት፣ ራሴንም ጨምሬ። ማንንም አልነካሁም።

ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ከዚህስ ብትቆጪያቸው ይሻላቸው ነበር።»

«ቁጣ ደግሞ የክርስቲያን ነው?»

«የተቆጡት ሰው አፍ አለው፤ ይመልሳል። ለጸሎት ምን ብሎ ይመልሳል? አሜን ከማለት በቀር።»

የመለስኩለትን ልጽፍ ነበር፤ ግን በዚያው ሾርባው ገነፈለና ተነሣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለ ጸሎት ምን ያውቃል።

ቅዳሜ

የማሽን ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ እየመጣ ወለሉን ያበላሽብኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሰኞ ጸሎት ላይ አነሣዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት

ዛሬ ሰባኪው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሰበኩ። በሰው ጉልበት የሚያዝ ሁሉ ለሱም ከበላዩ አዛዥ አለበት፤ አንድ ቀን ይጠየቃል፣ አሉ። አቤት ሲያምር! ከፊቴ የተቀመጡት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጆሯቸው ሲቀላ አየሁና አዘንኩላቸው። ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደሚያንገላቱ ሰፈሩ ያውቃል። መቼም እንዲህ ያለ ስብከት ሲመጣ ሰው ዓይኑ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን ወደ ራሴም ተመልክቻለሁ፣ ምንም አላገኘሁም።

ስንወጣ ሰባኪውን «ዛሬስ ለስንቱ ደረሰው» አልኳቸው።

«ለእርስዎስ?» አሉኝ እየሳቁ።

«እኔማ ይመስገነው።»

ረቡዕ

ዛሬ ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ጄኔራሏ ወደ ኋላ ቀረች። ካውያዋን ነቀለች፣ ጠረጴዛዋን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። ነገር እንዳላት ገባኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። በእርስዎና በእኔ መሃል ይቅር።»

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ሁለቴ በር ላይ አይቼዋለሁ፤ ረጅም፣ ጫማው ላይ ነጭ ቀለም የተንጠባጠበበት ሰው። ለካ ይጠጣል። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሆና ነው የኖረችው! እኔ ደግሞ ዝምተኛ ናት እል ነበር። አሁን ግን አቁሟል፤ አርባኛ ቀኑ ነው። እሷ በልቧ ትቆጥራለች፤ እሱ እንደምትቆጥር አያውቅም፣ ጫና እንዳይሆንበት ብላ። ዓርብ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ክሊኒክ ካለ አማካሪ ጋር ቀጠሮ አለው። ብቻውን ሲሄድ ግን እንደ ምንም በሩ ድረስ ይደርስና ይመለሳል። ሁለት ዓርብ እንዲሁ ተመልሷል።

«ዓርብ ዓርብ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ብወጣ አብሬው እገባ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ እተካዋለሁ» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። እጇን ያዝኩ፤ መዳፏ ገና የካውያው ሙቀት አለበት። «አይዞሽ እህቴ፣ እጸልይላችኋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሸክምሽ ሸክሜ ነው» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለአሠሪ የሚነገረው አሠሪዋን ምን ያህል ቢያምኗት ነው? ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ስለ ዓርቡ «እስቲ እናያለን» አልኳት። ዓርብ የሆቴሉ መኪና የሚመጣበት ቀን ነው።

ሐሙስ

የዛሬውን ጸሎት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። አፌን ስከፍት ስለ ማድረቂያው ልጸልይ ነበር። ልቤ ግን ትናንት የሰማሁት ላይ ሆኖ እንቢ አለኝ። «ጌታ ሆይ፣ የመጀመሪያው ጠረጴዛ እህታችንን ቤት ጎብኝ! የባሏን እጅ ከብርጭቆው ላይ አንሣ! አርባ አንዱን ቀን አርባ አንድ ዓመት አድርግላት!» እያልኩ ሳለ ድምፄ ተቆረጠ። አጣፊዋ አለቀሰች። ሁሉም ጣሪያው እስኪርገበገብ «አሜን!» አሉ።

እሷ ናት ብዬ በጣቴ አላሳየሁም። ይህን ልብ ይሏል። «የመጀመሪያው ጠረጴዛ እህታችን» ብቻ ነው ያልኩት።

ጄኔራሏ አሜን ስትል አልሰማኋትም። በጣም ተነክታ ነው መሰለኝ። ሰው ሲነካ ድምፅ ያጥረዋል።

ዓርብ

ፋታ የለም። የሆቴሉ መኪና ሁለቴ መጣ። ጄኔራሏ ልውጣ ብላ አልጠየቀችም፤ እስከ መጨረሻው ሠራች። ጸሎቱ ሠርቷል ማለት ነው።

ሰኞ

አጣፊዋ በሥራ መሃል ጮክ ብላ «አይዞሽ ጄኔራሌ፣ የኔም ወንድም እንዲሁ ነበር፣ ይተወዋል!» አለቻት። ጄኔራሏ እንፋሎቱን ለቀቀችውና ፊቷ ከኛ ጠፋ። ሠራተኞቼ መዋደዳቸው!

አሜናቸው ግን ቀጥኗል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ላይሰማኝ ይችላል።

ረቡዕ

ጄኔራሏ ጸሎት ላይ አልቆመችም። «ካውያው ግሏል፣ ጨርቁን እንዳያቃጥል» አለች። ካውያው አልተሰካም ነበር። አይቻለሁ።

ሐሙስ

ይህን የምጽፈው ቢሮዬ በሩን ዘግቼ ነው። ቢሮ ስል የበረኪና ጀሪካኖቹ የሚቀመጡበት ክፍል ነው።

ጄኔራሏ ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ወሩ ሲያልቅ ሥራ እለቃለሁ። ቀድሜ የምነግርዎት ሰው እንዲፈልጉ ነው።»

«ምን? ማን አስቀየመሽ?»

«ማንም።»

«ደመወዝ ከሆነ…»

«ደመወዝ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ንገሪኝ እንጂ! ካልነገርሽኝ በምን አውቀዋለሁ?»

ወደ በሩ ዞረች። «ይጸልዩበት፣ እትዬ። ይገልጥልዎት ይሆናል።»

በጨዋ ደንብ ነው ያለችው፤ ሽሙጥ የለበትም። ደግሜ ሳስበው ግን አለበት።

ወሩ ሊያልቅ ሃያ አንድ ቀን ቀርቶታል። ያለ እሷ ሆቴሉን አልይዘውም። ሆቴሉስ ይቅር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩን ስከፍት የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የማያት እሷን ነው። ሌላ ሰው እዚያ ቆሞ ማየቱን እንጃ። ምን አደረግኋት? ምን ያላደረግሁላት አለ? እንባ አፍስሼላታለሁ። ሌላው አሠሪ ያለቅስ ነበር?

ዓርብ

ዛሬ በጸሎት ይቅርታ ጠየቅሁ። «ጌታ ሆይ፣ ምናልባት ሳላውቅ ያስቀየምኩት ሰው ቢኖር ይቅር በለኝ፤ ለሱም ይቅር ባይ ልብ ስጠው» አልኩ። ጥሩ ጸሎት ነበር። ጄኔራሏ ጀርባዋን ሰጥታን ካውያዋ ውስጥ ውሃ እየሞላች ነበር።

ማታ እራት ላይ ስነግረው ባለቤቴ «ይቅርታ የጠየቅሽው ማንን ነው?» አለኝ።

«እግዚአብሔርን።»

«ሥራ የሚለቀው እሱ ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁን ትቼ ሳህኑን አነሣሁ። አንዳንዴ ይህን ሰውዬ ምነው አውቶቡሱን በነዳ ያሰኘኛል።

ማክሰኞ

ቺንጋው ተበጠሰ።

ሁለት መቶ እርጥብ አንሶላ። መካኒኩ ነገ ነው የምደርሰው አለ። የሆቴሉ የአልጋ ልብስ ኃላፊ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሳይበጠስ እንቀይረው ብሎኝ ነበር እኮ፣ የማሽን ሠራተኛው። ብሎኝ ነበር። ብሎኝ ነበር።

ማታ፣ ከራት በፊት

ደረስን። እንዴት እንደደረስን ልጻፈው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጄን ሳወናጭፍ ጄኔራሏ ሁለቱን አጣቢዎች ጠራች፤ አንሶላውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ጫፍና ጫፉን ይዘው እንዲጠመዝዙት አደረገች። ከዚያ አራቱም ጠረጴዛ ላይ በሁለት ዙር ተተኮሰ፣ አንዴ ለማድረቅ፣ አንዴ ለማሳመር። የማሽን ሠራተኛው ማሽን ስለሌለው ፎጣ ያዥ ሆነና «በጄኔራሏ ትእዛዝ እግረኛ ጦር ሆኛለሁ» እያለ አሳቀን። ማንም አልተቀመጠም። መኪናው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉውን ጭኖ ሄደ።

እሷ ጋ ሄጄ «ሰው ሊለቅ ሲል እንዲህ ይሠራል?» አልኳት።

«ሥራውን መቼ ጠላሁት» አለችኝ።

ሥራውን አልጠላችም። ደመወዝም አይደለም። ማንም አላስቀየማትም። እንግዲህ ማን ቀረ?

ሐሙስ

አጣፊዋና ጄኔራሏ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ዛሬ አጣፊዋ የትራስ ልብስ እየደረደረች «እትዬ፣ ለጄኔራሏ ባል ጸሎቱን ጠንከር ያድርጉት እንጂ፤ እንደገና ጀመረ እኮ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ያው የጸለይንለት ዕለት ነው። ከሥራ ስገባ ቧንቧ ላይ አገኘሁትና ‹አይዞህ፣ እትዬ ነግረውናል፤ አርባ አንድ ቀን ቀላል አይደለም፣ ሁላችንም እየጸለይንልህ ነው› አልኩት። ላበረታታው ብዬ! ባልዲውን እዚያው ትቶ ወጣ።»

ላበረታታው ብላ ነው። እሷ ምን አጠፋች? እኔስ ምን አጠፋሁ? የሚጠጣ ሰው ሰበብ አያጣም። ይህ ከእኔ ጋር አይገናኝም።

ዓርብ

አይገናኝም።

ቅዳሜ

ይገናኛል።

እሑድ ከሰዓት

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፤ ምን እንደተሰበከ አልሰማሁም። አሁን ባለቤቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ዝናቡ አባርቷል፣ እኔም መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ጊዜ አለኝ። ልጻፈው።

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ሳላገባ፣ አንዲት እመቤት ቤት ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ይህን ለማንም አላወራም፤ ነውር ሆኖ ሳይሆን ስለማይጠይቁኝ ነው። እመቤቲቱ ጥሩ ክርስቲያን ነበሩ። ሳሙና ቶሎ ያለቀ ዕለት ማዕድ ሲባርኩ «ጌታ ሆይ፣ ቤታችንን ከረጅም እጅ ጠብቅልን» ይሉ ነበር። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ፣ እጄ በሳሙና ተላልጦ፣ አሜን እላለሁ። አልሰረቅሁም ልል አልችልም፤ ሌባ ናት ያለኝ የለማ! ለእግዚአብሔር ነው የተነገረው። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ ጠላኋቸው ዛሬ ነው ያስታወስኩት። ለካ እሳቸውን ጠልቼ፣ ሙያቸውን ተምሬ ነው የወጣሁት።

ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ተቆጥቼ አላውቅም እያልኩ ስኩራራ፣ ሠራተኞቼን ዓይናቸውን አስጨፍኜ፣ አንገታቸውን አስደፍቼ፣ አሜን እያስባልኩ ነበር የምሰድባቸው። እግዚአብሔር ፊት አቁሜ! ደግሞ ጌታዬን የኔ ተቆጣጣሪ፣ የኔ ዘበኛ አደረግሁት። ኧረ ጉድ ነው። ኧረ አፈርኩ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ሰዓት ጠየቀችኝ፤ ጸሎት ሰጠኋት። ሰዓቱ በእጄ ነበር እኮ። ባሏን ማዳን የኔ ሥራ አይደለም፤ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሂጂ» ማለት ግን የኔ ሥራ ነበር። በእጄ ያለውን ይዤ፣ በእጄ የሌለውን ከሰማይ ለመንኩላት። ሰባኪው «ለእርስዎስ?» ያሉኝ ለካ የሳቅ ጥያቄ አልነበረም።

ባለቤቴ ነቃ። «ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው?»

«ጥፋቴን።»

«ደብተሩ ይበቃል ወይስ ሌላ ልግዛ?»

ትራሱን ወረወርኩበት። ከዚያ አለቀስኩ፣ እሱም ተነሥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀልድ አልጨመረም።

ሰኞ

ጠዋት ገባሁ። እንደ ወትሮው ቆመው አንገታቸውን ደፉ።

«ቀና በሉ» አልኩ። «ዛሬ ለእናንተ ነው የምናገረው።»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። እንዲህ አይተውኝ አያውቁም፤ እኔም አይቻቸው አላውቅም። ልዘረዝር አልችልም፤ ያልኩት በአጭሩ ይህ ነው። እህታችን በአደራ የነገረችኝን በጸሎት ስም አወጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ምናልባት» የለበትም። ከዛሬ ወዲያ በጸሎት ሰዓት ስለ ማንም ሠራተኛ አላወራም፤ የምለው ካለኝ ዓይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ፣ እሱም ይመልስልኛል። የቤት ጣጣ ያለበት ሰው ሰዓት ሲጠይቀኝ «እናያለን» አልልም። ጄኔራሏ ከዚህ ዓርብ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ጠዋትም መተካት የለባትም።

ማጠቢያው ብቻ ይንጎራጎራል። ከዚያ የማሽን ሠራተኛው እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ መመለስ ይቻላል ካሉ… ያኔ ‹አልጋ የሚከብዳቸው› ያሉት እኔን ነበር?»

«አንተን ነበር።»

«አልጋ አልከበደኝም። የመጀመሪያው አውቶቡስ እኛ ሰፈር የሚደርሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አንድ ተኩል እዚህ መድረስ አይቻልም።»

«ታዲያ በማግስቱ እንዴት በሰዓትህ መጣህ?»

«በእግሬ። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነው የምመጣው፤ ሃምሳ ደቂቃ ነው።»

በዚህ ዝናብ! በዚያ ላይ ስለ ጭቃው ጸልዬበታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር። እሱ ግን ፊቴን ሲያይ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ሆዴ ጠፍቶልኛል፣ እትዬ፣ ለጤና ጥሩ ነው» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸሎቱ ወደ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ተዛወረ። አንዷ አጣቢ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ስለምንቆም ጸሎቱን እንኳ ተቀምጠን ብናደርገው» አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ይህ አልታየኝም። ተቀመጥን።

ጄኔራሏ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን መጣች።

«በሁሉም ፊት መናገርዎ ደግ አደረጉ። እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች። «ግን ምስጢሩ የኔ አልነበረም፣ እትዬ። የሱ ነው።»

«እሱን ይቅርታ ልጠይቀው?»

«እጠይቀዋለሁ። እሺ ካለ ነው።»

ስለ መልቀቋ አልጠየቅኋትም። የማልጠይቀው መልሱን ፈርቼ ነው፤ ይህንንም ልጻፈው።

ዓርብ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጄኔራሏ ወጣች። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ እኔ ቆምኩ። አንድ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ፤ የማሽን ሠራተኛው «ጄኔራል በሌለበት ጦሩ ሲፈታ እንዲህ ነው» አለኝ። ፊት ለፊቴ ነው ያለው፣ ዓይኔን እያየ። ደስ አለኝ። ወገቤ ግን ተቆርጧል፤ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቆምኩት።

እሑድ ከሰዓት

ባሏ እሺ ብሏል። ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ካሉት ቤቶች የነሱ የመጨረሻው ነው። አንድ ክፍል፣ በጣም ንጹሕ። አንደኛው ግድግዳ ከየሥራው በተረፈ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከላይ ሰማያዊ፣ መሃሉ ቢጫ፣ ከታች ገና ያላለቀ አረንጓዴ። ሰውዬው ተነሣ፣ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኩት። አንቱ ማለቴን እኔ ራሴም ሰማሁት፤ በር ላይ ባየሁት ጊዜ አንተ ነበር ያልኩት። «ሳይፈቅዱልኝ ምስጢርዎን ለሰው አወራሁ። ጸሎት አስመሰልኩት እንጂ ወሬ ነው። በዚያ ምክንያት የደረሰብዎትን ሰምቻለሁ።»

ግድግዳውን አየ።

«እትዬ፣ ያናደደኝ ምን መሰልዎት? እንደምጠጣማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቁጥሩ ነው። አርባ አንድ ቀን ስትለኝ፣ ያቺ ጎረቤቴ… እኔም እኮ እየቆጠርኩ ነበር። ሃምሳ ሲሞላ ለዚህችው» ወደ ሚስቱ ጠቆመ፣ «እኔ ራሴ ልነግራት ነበር። ሽልማት ነበር ለሷ። ቧንቧ ላይ፣ ባልዲ ይዤ፣ ከሰው አፍ ሰማሁት።»

ጄኔራሏ አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ እየተደባበቁ ያንኑ ቀን ሲቆጥሩ ነበር። እሷም አሁን ነው የሰማችው።

ምን ይባላል? አሁንስ ስንተኛ ቀን ነው ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። የኔ አይደለም።

«ደግሞ» አለ፣ «እጄን ከብርጭቆ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ረድቶኛል፤ ግን እጁ የኔ ነው። ወደፊትም ባነሣው እኔ ነኝ የማነሣው። ያንን አይውሰዱብኝ።»

«አልወስድም» አልኩ። ቀጥሎ ግን እንደ ልማዴ አላስቻለኝም፤ «ቤቴ ሆኜ ብቻዬን ብጸልይልዎትስ? ማንም ሳይሰማ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ማን ብለው?»

«እንዴት?»

«ማን ብለው ነው የሚጸልዩልኝ? ‹የመጀመሪያው ጠረጴዛ ባል› ብለው?»

ጄኔራሏ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ሳቅኩ፣ ፊቴ እንደ ካውያ እየጋለ። ሰማይና ምድር እስኪናወጥ የጸለይኩለትን ሰው ስሙን አላውቀውም። ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚያ ነው የተቀመጥኩት።

ጄኔራሏ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ነው የቀረው። አልቻልኩም፤ «እለቃለሁ ያልሽው ነገርስ?» አልኳት።

«ትቼዋለሁ» አለች። «ግን እትዬ፣ የተቃጠለውን የትራስ ልብስ አይቻለሁ። ዓርብ ዓርብ እኔ ቦታ ሌላ ሰው ይቁም።»

እየሳቅኩ፣ ትንሽም እያለቀስኩ መንገዱን ጨረስኩት። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ ምንም አልመሰለኝ። ተመስገን፣ በጣም ተመስገን።

ባለቤቴ በር ከፍቶ ጃንጥላውን ተቀበለኝና «እህስ? ለመሆኑ ሰውዬው ማን ይባላል?» አለኝ።

አልነገርኩትም። እዚህም አልጽፈውም።